ሀዋሳ ላይ ቢዝነስ ያላችሁ፣ ለፒአር ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን እዩ

ሰሞኑን ሀዋሳ ውስጥ ፔንሲዮን ያለውም፣ አሳ ቤት ያለውም፣ ክሊኒክ የከፈተውም፣ ፈርኒቸር ሚሰራውም ሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ፒአር (የህዝብ ግንኙነት ስራ) ያስፈልገኛል ወይ፣ ካስፈለገኝስ ለማን ስንት ልክፈል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው መልሱን ሳያገኝ ብሩን ያወጣል፣ አንድ ቲክቶከር ይጠራል፣ ወይ ሬድዮ ላይ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ወይ ለሰፈር ኳስ ውድድር ማልያ ያሰፋል፣ ከዛ 2 ወር ጠብቆ "ፒአር ሚባለው ነገር ውሸት ነው" ብሎ ይተወዋል።

እኔ የምበላው ከዚሁ ስራ ነው፣ ለድርጅቶች ዜና እጽፋለሁ፣ ከጋዜጠኛ ጋር አገናኛለሁ፣ ስማቸው ሲነሳ አብሬያቸው እሯሯጣለሁ። ስለዚ ለመጣው ሁሉ "አዎ ያስፈልግሃል" ብል ኪሴ ይወደዋል። እውነቱ ግን ፒአር ብሩን ሚመልሰው አንድ ሁኔታ ላይ ነው፦ ስራችሁ ጥሩ ሆኖ፣ ሊያምናችሁ የሚገባው ሰው ግን ሳያምናችሁ ሲቀር። ስራው ጥሩ ካልሆነ ወይም ሰው ጭራሽ ካላወቃችሁ መድሃኒቱ ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው።

ማስታወቂያና ፒአር አንድ ሚመስለው ሰው ብዙ ስለሆነ እሱን ቶሎ እንለፈው። ማስታወቂያ ሲሆን ቦታውን ትገዛላችሁ፣ ምትፈልጉትን ትላላችሁ፣ ሰሚውም ከፍላችሁ እንደተናገራችሁ ያውቃል። ፒአር ግን ሌላ ሰው ስለናንተ ሚለው ነው፣ ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ ሰራተኛው፣ ጋዜጠኛው፣ የባንኩ ሰውዬ። እናንተ ምትሰሩት እነዚህ ሰዎች እውነቱን እንዲያውቁና ሲጠየቁ ጥሩ እንዲመልሱ ማድረግ ነው። አፋቸውን መግዛት አይቻልም፣ ሚሞክሩ ግን አሉ፣ እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

1. ማን እንደማያምናችሁ ለዩ

"ህዝቡ እንዲያውቀን ነው" ምትለዋን ነገር ተዋት። ህዝብ ሚባል ደንበኛ የለም። ወረቀት አውጡና ቢዝነሳችሁን ሊያሳድጉ ወይ ሊገድሉ ሚችሉ ሰዎችን በስራቸው ጻፉ። ለምሳሌ አቶቴ አካባቢ 20 ክፍል ያለው ፔንሲዮን እናስብ። ለገብርኤል ንግስ ከአዲስ አበባና ከየቦታው ሚመጡ ምዕመናን አሉ። ቅዳሜና እሁድን ሐይቅ ዳር ለማሳለፍ ሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። ስልጠና ሚያዘጋጁ መስሪያ ቤቶችና ኤንጂኦዎች አሉ (እዚህ ጋር ልብ በሉ፣ ሆቴሉን ሚመርጠው ብዙ ጊዜ ዳይሬክተሩ ሳይሆን ደረሰኝ ሰብስባ ምታወራርደዋ የፋይናንስ ሰራተኛ ናት፣ እሷን ያስለቀሰ ቤት ሁለተኛ አይጠራም)። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላሉ ድርጅቶች እንግዳ ሲመጣ ክፍል ሚይዙ ሰዎች አሉ። የባጃጅ ልጆች አሉ። ጎረቤት አለ። የራሳችሁ ሰራተኞችም አሉ።

ከዛ ለእያንዳንዱ፣ ያውቁናል ወይ? ካወቁን ያምኑናል ወይ? ካላመኑን ምናችንን ነው? መልሱን ቢሮ ቁጭ ብላችሁ አትገምቱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እናንተ ፊት ቆሞ "ሽንት ቤታችሁ ይሸታል" ሚል ሰው የለም። ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሰራተኞቻችሁ ማያውቁትን ሰው ላኩ፣ ደውሎ ክፍል ይያዝ፣ አንድ ሌሊት ይደር፣ ያየውን በሙሉ ጽፎ ያምጣ። ሁለተኛ፣ ከመዝገባችሁ ላይ 10 የቆዩ ደንበኞች መርጣችሁ ባለቤቱ ራሱ ይደውል፣ እንዲህ ብሎ፦

"እንደምን ዋሉ፣ ባለፈው ክረምት እኛ ጋር አርፈው ነበር። ልሸጥልዎ አይደለም የደወልኩት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፣ ዘመድዎ ሀዋሳ ቢመጣ እኛ ጋር ይልኩታል?"

ከዛ ዝም በሉ። በቃ ዝም። አብዛኛው ሰው በይሉኝታ "ኧረ ጥሩ ናችሁ፣ ምንም አይልም" ብሎ ይጀምራል፣ ዝም ካላችሁ ግን "ግን..." ይመጣል። ከ"ግን" በኋላ ሚመጣው ነው ምትጽፉት። ውሃው በሌሊት ይጠፋል፣ እንግዳ ተቀባዩ ልጅ ይቆጣል፣ የሙዚቃው ድምጽ አያስተኛም፣ ደረሰኝ ስንጠይቅ ፊታችሁ ይቀየራል። ለጥናት መቶ ሺዎች ከፍላችሁ ከምታገኙት ይሄ ይበልጣል፣ የካርድ ብር ብቻ ነው ሚያስወጣው።

2. የተባለውን አይታችሁ ወስኑ

የሰበሰባችሁትን ሶስት ቦታ ክፈሉት። "አላውቃችሁም ነበር" ሚለው የመታየት ችግር ነው፣ ማስታወቂያና ጎግል ማፕ ይፈታዋል። "አውቃችኋለሁ ግን ውሃ የለም" ሚለው የቧንቧ ችግር ነው፣ ሮቶ ግዙ። "አውቃችኋለሁ፣ ጥሩ ናችሁ ይባላል፣ ግን እንጃ" ሚለው ነው የፒአር ስራ።

ሁለተኛውን ትታችሁ ወደ ሶስተኛው መዝለል የተበላሸ ወጥ ላይ ቅቤ መጨመር ነው። እንደውም ይብሳል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጠርታችሁ ነው ጉዳችሁን ምታሳዩት።

እዚህ ከተማ ላይ በጣም ግልጽ ምሳሌ አለ፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19። ለገብርኤል ንግስ ከተማው ይሞላል፣ አልጋ ይጠፋል፣ አንዳንድ ቤት በስልክ አንድ ዋጋ ተናግሮ ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲደርስ እጥፍ ይጠራል። ሰውዬው ሌላ ቦታ ስለሌለው ይከፍላል። ግን ይሄ ሰው ከ5 ሰው ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣው፣ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ወሬው እናንተ ናችሁ፣ ሲመለስም ለማኅበሩ ይነግራል፣ ሚቀጥለው አመት ሻሸመኔ ያድራል እንጂ እናንተ ጋር አይመጣም። ከዛ ባለቤቱ በግንቦት ክፍሉ ባዶ ሲሆንበት ፒአር ይፈልጋል!

የበዓል ዋጋ መጨመር ያለ ነገር ነው፣ ማንም አይቀየምም። ሚያስቀይመው በር ላይ መስማቱ ነው። ከአንድ ወር በፊት "የንግስ ሳምንት ዋጋችን ይሄ ነው፣ ቅድሚያ የከፈለ ዋጋው አይቀየርበትም" ብላችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ፣ በስልክ ለያዘም በቴክስት ላኩለት። ይሄ ራሱ ፒአር ነው፣ ዋጋውም ዜሮ።

ስለዚ ለጊዜው ተዉት ምላችሁ እነማን ናችሁ፣ ገና የከፈታችሁና አሰራራችሁ ያልረጋ፣ ያለምንም ወሬ ሞልታችሁ ምትውሉ፣ የዚህን ወር ኪራይ ለመክፈል በዚህ ሳምንት ሽያጭ ምትፈልጉ (ፒአር ቀስ ብሎ ነው ሚሰራው፣ ለሱ ቅናሽና ማስታወቂያ ይሻላል)፣ እና ስልክ ማንሳት ማይወድ ባለቤት ያላችሁ። የመጨረሻውን ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ጋዜጠኛ ደውሎ ባለቤቱን ካላገኘ ሁለተኛ አይደውልም።

ቶሎ ግቡበት ምላችሁ ደግሞ ደንበኛው ሳይገዛ ጥራቱን ማየት ማይችልባቸው ስራዎች ናቸው። ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ የታሸገ ምግብ፣ ቅድሚያ ብር ተቀብሎ ቤት ሚሰራ። እናት ልጇን ከማስመዝገቧ በፊት አስተማሪውን ክፍል ውስጥ አታየውም፣ ያለችው እምነት ብቻ ነው። ቡና ላኪ ከሆናችሁ ደግሞ ሊያምናችሁ የሚገባው ሰው ሀዋሳ ውስጥ የለም፣ አውሮፓ ያለ ገዢ ነው፣ እሱ ደግሞ የአውሮፓ ህብረት በ2023 በፈረንጆች ባወጣው የደን ህግ ምክንያት ቡናው የበቀለበትን መሬት በጂፒኤስ አሳዩኝ ይላል። እዚህ ሬድዮ ላይ ስለ ሲዳማ ቡና ብታወሩ ደስ ይላል፣ ለገዢው ግን የገበሬዎቻችሁን መረጃ በሥርዓት የያዘ ፋይል ነው ሚያሳምነው።

3. ሂሳቡን ስሩ፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም

ያንን ባለ 20 ክፍል ፔንሲዮን እንውሰድ፣ ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያስገባሁት፣ የራሳችሁን ተኩ። አንድ ክፍል 1,500 ብር ነው እንበል፣ ለሳሙና፣ ለላውንደሪ፣ ለውሃና ለመብራት 400 ብር ይወጣል፣ ስለዚ በአንድ ሌሊት 1,100 ብር ይተርፋል። ለ3 ወር ፒአር 60,000 ብር ልታወጡ ካሰባችሁ 60,000ን ለ1,100 አካፍሉ፣ 55 ሌሊት ገደማ ይመጣል። በ3 ወር 55 ሌሊት ማለት በወር 18 ወይ 19 ተጨማሪ ሌሊት ነው፣ በወር ካላችሁ 600 የክፍል ሌሊት 3 ከመቶ ብቻ። ይቻላል አይደል? አንድ ስልጠና አዘጋጅ መስሪያ ቤት ለ10 ሰው 3 ቀን ቢይዝ ግማሹን ይሸፍነዋል።

ያው ሂሳብ ኮፊ ሾፕ ላይ ሲሰራ ግን ያስደነግጣል። አንድ ማኪያቶ ላይ 20 ብር ቢተርፋችሁ 60,000ውን ለመመለስ 3,000 ማኪያቶ ያስፈልጋል፣ ከበፊቱ በላይ ማለቴ ነው። ለዛ ነው ለትንሽ ካፌ ኤጀንሲ ቅጠሩ ማልለው።

ከዛ ደግሞ ማንም ማይቆጥረው ወጪ አለ፣ የባለቤቱ ሰዓት። በሳምንት ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። ያን ሰዓት መስጠት ካልቻላችሁ ብሩም አይሰራም።

4. ብር ማያስወጣውን መጀመሪያ ጨርሱ

ጎግል ማፕ ላይ ግቡና ቦታችሁ ትክክል መሆኑን፣ ስልኩ ሚሰራ መሆኑን፣ ፎቶው የናንተ መሆኑን እዩ። ከአዲስ አበባ ሚመጣ ሰው ሞጆን ሳያልፍ ነው ስልኩ ላይ ሚያያችሁ። ያልመለሳችሁት ሪቪው ካለ መልሱ፣ ሚያመሰግነውንም ሚሳደበውንም።

ቋንቋ ላይ ደግሞ ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆና ግማሹ ቢዝነስ ባነሩንም ፔጁንም በአማርኛ ብቻ ነው ሚጽፈው። በሲዳምኛ አንድ ሰላምታና አንድ መስመር ጨምሩ፣ ግን ቋንቋውን ሚናገር ሰው ይጻፈው፣ ጉግል አስተርጉሞት የተሳሳተ ባነር ከመስቀል አለመስቀል ይሻላል። ለፊቼ ጫምባላላ ፖስት ስታረጉም እንደዛው፣ በዓሉ በ2015 በፈረንጆች ዩኔስኮ የመዘገበው ነው፣ ጉዱማሌ ሄዶ ሚያከብረው ሰው ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ብሄረሰብ ፎቶ ሲለጠፍበት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

አሁን ባጃጅ። ይሄን ነገር ትንሽ ልቆይበት። እንግዳ መናኸሪያ ሲወርድ መጀመሪያ ሚያናግረው የባጃጁን ልጅ ነው፣ "ጥሩና ንጹህ አልጋ የት ይገኛል?" ይለዋል። ከዛ በኋላ ያላችሁ ፔጅ፣ ባነር፣ የሬድዮ ፕሮግራም ሁሉ በዛች መልስ ስር ነው። ብዙ ቤት ኮሚሽን ይሰጣል፣ ኮሚሽኑ ግን ልጁን ወደናንተ ያመጣዋል እንጂ ስለናንተ ጥሩ አያስወራውም፣ ሌላው ቤት 50 ብር ሲጨምርለት ይሄዳል። ሚያስወራው አያያዛችሁ ነው። እንግዳ ይዞ ሲመጣ ዘበኛው "ውጣ ከዚህ፣ በር አትዝጋ" ካለው አበቃ። "ና ግባ፣ ውሃ ጠጣ" ከተባለ፣ ሌሊት ለደረሰ እንግዳ ስልኩን ይዛችሁ ከጠራችሁት፣ ሂሳቡን ሳትጨቃጨቁ ከሰጣችሁት፣ ልጁ ስማችሁን በነጻ ይዞ ይዞራል። ወር በገባ አንድ ቀን መናኸሪያ ተራ ላይ ያሉትን 10 ልጆች ቁርስ ጋብዟቸውና ክፍሉን አሳይዋቸው። ክፍሉን በአይኑ ያላየ ልጅ እንዴት አድርጎ "ንጹህ ነው" ይበል?

ሰራተኛም እንደዛው። ደሞዝ በ15 ቀን ሚያዘገይ ቤት ስለራሱ ጥሩ ዜና ማስነገር አይችልም፣ ሰራተኛው ማታ ቡና ላይ ሚያወራው ከሬድዮው ይቀድማል።

5. ዜና ሚሆነውንና ማይሆነውን ለዩ

"5ኛ አመታችንን አከበርን" ዜና አይደለም። "አዲስ ቅርንጫፍ ከፈትን" ለእናንተ ዜና ነው፣ ለጋዜጠኛው ግን ማስታወቂያ ነው። ጋዜጠኛ ሚፈልገው ለአድማጩ ሚጠቅም ነገር ነው፣ ስራ፣ ዋጋ፣ ጤና፣ ሐይቁ፣ መንገዱ፣ ወጣቱ። ስለዚ ከስራችሁ ውስጥ ለከተማው ሰው ሚነካውን አውጡ።

አሳ ቤት ካላችሁ ሁዳዴ ሲገባ የአሳ ፈላጊው ይበዛል (በጾም ይበላል አይበላም ሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትተን)፣ ዋጋው ይወጣል፣ ያኔ ጋዜጠኛው ከአሞራ ገደል አስጋሪዎች ሌላ ሚያናግረው ሰው ይፈልጋል። ዋጋው ለምን እንደወጣ፣ ቆሮሶ መቼ እንደሚያንስ፣ ትኩስ አሳ በአይኑና በስንጥቡ እንዴት እንደሚለይ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ምትችሉ ከሆነ ስልካችሁ እሱ ጋር ይቀመጣል። ስለ ቤታችሁ አንድ ቃል ሳታወሩ "የአሳ ቤት ባለቤት የሆኑት አቶ እገሌ" ትባላላችሁ፣ እሱ ይበቃል።

የምትልኩት ጽሁፍ ደግሞ አጭር ይሁን፣ አንድ ገጽ፣ በቴሌግራም ጽሁፍ እንጂ ፎቶ የተነሳ ደብዳቤ አትላኩ፣ ጋዜጠኛው ኮፒ ማድረግ አለበት። እንዲህ ቢጀምር ጥሩ ነው፦

"በሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የሚገኝ የእንጨት ሥራ ድርጅት ከቴክኒክና ሙያ የተመረቁ 12 ወጣቶችን ለ6 ወር ደሞዝ እየከፈለ ሊያሠለጥን ነው። ምዝገባው ከሰኞ እስከ አርብ በድርጅቱ ግቢ ይካሄዳል። ከሠልጣኞቹ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ መታሰቡን ሥራ አስኪያጁ ተናግረዋል።"

ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ሁሉም ገብቷል። "በአይነቱ ልዩ የሆነ፣ በሀገራችን የመጀመሪያው፣ ግንባር ቀደም" ሚሉትን ቃላት ከነስራቸው ንቀሉ፣ ጋዜጠኛው ሲያያቸው ነው ሚዘጋው። ከስር ሚያነሳ ስልክ ያለው አንድ ሰው ስም፣ 2 ጥራት ያላቸው ፎቶዎች፣ አለቀ። ለሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክም ላኩ፣ ለከተማው ኤፍ ኤሞችም፣ ለአዲስ አበባ ጋዜጦችም ላኩ፣ ግን ለሁሉም አንድ አይነት ኮፒ በጅምላ አትበትኑ፣ መጀመሪያ ማን ምን ፕሮግራም እንዳለው አዳምጡ።

6. ስለ "አበል"

ይሄን ሁሉም ያውቀዋል ማንም አይጽፈውም። ዝግጅት ስትጠሩ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ሲያልቅ ፖስታ ይጠበቃል፣ "የትራንስፖርት" ይባላል። ጋዜጠኛው ደሞዙ ትንሽ ነው፣ መኪናም የለው፣ ይገባኛል። ግን ከፍላችሁ የተሰራ ዜና ላይ እምነት አትገነቡም፣ ሰው ይሸተዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተፎካካሪያችሁ ከፍሎ ያው ድምጽ ስለሱ ያወራል። ትራንስፖርት ካስፈለገ መኪና አቅርቡ፣ ምሳ አብሉ፣ ከዛ አይለፍ። ብር መክፈል ከፈለጋችሁ በግልጽ የአየር ሰዓት ግዙ፣ በደረሰኝ፣ "ስፖንሰር የተደረገ" ተብሎ ይነገር። የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004 ራሱ ማስታወቂያ ከሌላው ፕሮግራም ተለይቶ እንዲታወቅ ይላል፣ የሌላውን ሰው ምርት እያጣጣሉ ማስተዋወቅንም ይከለክላል። መጠጥ ምትሸጡ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬድዮና ከቴሌቪዥን ስለወጣ "ዜና አስመስለን እናስገባው" ሚላችሁ ሰው ካለ አትስሙት።

ቲክቶከርና ኢንፍሉዌንሰር ላይም ያው ነው። ስንት ፎሎወር አለው ከማለታችሁ በፊት ኮሜንቶቹን ክፈቱና ሰዎቹ ከየት እንደሆኑ እዩ። 300 ሺ ተከታይ ኖሮት ሁሉም ሪያድና ዱባይ ከሆነ ለአቶቴ ፀጉር ቤት ምን ያደርጋል? ለፔንሲዮን ግን ሊሰራ ይችላል፣ ለእረፍት ሲመጡ ቤተሰብ ይዘው ሚያርፉ ናቸውና። የተከፈለበት መሆኑን ቪዲዮው ላይ ይናገር፣ ያልወደደውንም ነገር ይናገር፣ ሁሉን ያሞገሰ ቪዲዮ ማንንም አያሳምንም።

7. ማን ይስራው?

ሶስት ምርጫ አለ። ባለቤቱ ከአንድ ፈጣን ልጅ ጋር፣ በግማሽ ቀን ሚሰራ ተቀጣሪ፣ ወይ ኤጀንሲ። እኔ ለአብዛኛው የሀዋሳ ቢዝነስ የመጀመሪያውን ነው ምመክረው ለ6 ወር፣ ከዛ ስራው ከበዛ ሁለተኛው። ከዩኒቨርሲቲው በጋዜጠኝነት የተመረቁ ልጆች ከተማው ውስጥ አሉ፣ ሰፈሩን ያውቃሉ፣ ቋንቋውንም ይችላሉ። የአዲስ አበባ ኤጀንሲ ሚያስፈልጋችሁ ገዢያችሁ ወይ ባለሀብታችሁ አዲስ አበባ ሲሆን ነው።

ኤጀንሲ ካናገራችሁ "ምን ትሰሩልናላችሁ" ሳይሆን "ስለኛ ምን ሰማችሁ" ብላችሁ ጠይቁ። ከመምጣቱ በፊት ሪቪያችሁን ያላነበበ ሰው ከመጣ በኋላም አያነብም። "ቫይራል እናረጋችኋለን" ካለ፣ ወይ "እዚህ ቴሌቪዥን ላይ በእርግጠኝነት ትወጣላችሁ" ካለ ሻዩን አስጠጥታችሁ ሸኙት፣ ዜና ቃል ሚገባበት ነገር አይደለም፣ ቃል የገባ ሰው ወይ ዋሽቶ ወይ ከፍሎ ነው።

ኮንትራቱ ላይ እነዚህ ይጻፉ፦ በየወሩ ምን እንደሚያስረክብ በቁጥር፣ ክፍያው በየወሩ መሆኑ (የአመት ቅድሚያ አትክፈሉ)፣ ከ30 ቀን በፊት በደብዳቤ አሳውቆ መለያየት እንደሚቻል፣ የተነሱት ፎቶና ቪዲዮ ኦሪጅናሉ የናንተ እንደሆነ፣ ደረሰኝና ቫቱ። ከሁሉም በላይ የፌስቡኩ፣ የቲክቶኩ፣ የቴሌግራሙ ዋና አካውንት በናንተ ስልክና ኢሜይል ይከፈት፣ እነሱ አድሚን ሆነው ይግቡ። በዚች ነገር ስንት ሰው እንደተጨቃጨቀ አትጠይቁኝ፣ ሲጣሉ 40 ሺ ተከታይ ያለው ፔጅ ከኤጀንሲው ጋር ይሄዳል።

8. ክፉ ቀን ሳይመጣ ተዘጋጁ

ለኔ ከፒአር ሁሉ ብሩ ሚገባው ይሄ ክፍል ላይ ነው። አሳ ቤት አላችሁ እንበል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፔጃችሁ ስር እንዲህ ተጽፎ አገኛችሁ፦ "ትላንት ማታ እናንተ ጋር ኮተሌት በልተን 3 ሰው ሆዱን ታሞ አደረ፣ እግዜር ይይላችሁ!" ላይኩ እየጨመረ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሚያደርገው ማጥፋት ነው። ያጠፋችሁት ኮሜንት በስክሪን ሾት ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ወሬው "አሳው" መሆኑ ይቀርና "አጠፉት" ይሆናል። ሁለተኛው ስህተት "ውሸታም፣ ተፎካካሪ ልኮህ ነው" ማለት ነው። ተልኮም ሊሆን ይችላል፣ ግን አታውቁም፣ ሚያነበውም ሰው አያውቅም። ሰውዬው እየዋሸ ቢሆን እንኳ በትህትና የተመለሰለትን ሰው ሌሎቹ ያዩታል። እንዲህ ጻፉ፦

"በጣም እናዝናለን፣ እግዚአብሔር ይማርልን። ትላንት ማታ የቀረበው አሳ መቼ እንደገባና እንዴት እንደተቀመጠ አሁን እያጣራን ነው፣ እስክንጨርስ ኮተሌት ከሜኑ አውጥተናል። እባክዎ ስልክዎን በውስጥ መስመር ይላኩልን፣ ባለቤቱ ራሳቸው ይደውሉልዎታል። ያገኘነውን ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት እዚሁ እንጽፋለን።"

9 ሰዓት ላይ ደግሞ ምንም ባታገኙም ጻፉ፣ "እስካሁን ይሄን አይተናል፣ ይሄ ይቀረናል" በሉ። ዝም ካላችሁ ሌላ ሰው ይሞላላችኋል። ከአንድ ሰው በላይ አይናገር፣ አስተናጋጁም ገንዘብ ተቀባይዋም ከተጠየቁ "ባለቤቱ ያስረዳሉ" ይበሉ፣ ይሄን ደግሞ ዛሬ ንገሯቸው፣ የዛ ቀን አይደለም።

አለም ላይ ሚጠቀሰው ትልቁ ምሳሌ በ1982 በፈረንጆች አሜሪካ ቺካጎ አካባቢ የሆነው ነው። አንድ ያልታወቀ ሰው ሱቅ ውስጥ ያለ ታይሌኖል ሚባል ማስታገሻ ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ 7 ሰው ሞተ። አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን መርዙን የጨመረው እሱ አልነበረም፣ ሆኖም "እኛ አይደለንም" ብሎ አልተቀመጠም፣ ወደ 31 ሚሊዮን ጠርሙስ ከገበያ ሰብስቦ፣ ሰው እንዳይውጠው ራሱ አስጠንቅቆ፣ ከዛ ተከፍቶ ከሆነ በሚታወቅ ማሸጊያ መልሶ አወጣው። መድሃኒቱ አሁንም ይሸጣል። እናንተ የአንድ ቀን ኮተሌት ነው ምታወጡት።

እናም ወሬው እውነት ከሆነስ? ጥፋቱን ተናገሩ፣ ያስተካከላችሁትን አሳዩ፣ የታመመውን ሰው ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ካሜራ ሳትይዙ።

9. እንዴት ትለካላችሁ፣ መቼስ ታቆማላችሁ

ኤጀንሲዎች ሪፖርት ሲያመጡ አንድ ቁጥር ይወዳሉ፣ "የወጣላችሁ ዜና በማስታወቂያ ዋጋ ሲሰላ ይሄን ያህል መቶ ሺ ብር ነው" ሚል። የሙያው ሰዎች ራሳቸው በ2010 በፈረንጆች ባርሴሎና ላይ ባወጡት መርህ ይሄ ስሌት የፒአርን ዋጋ አይለካም ብለዋል፣ ስለዚ ስታዩት ገጹን ገልብጡት። ላይክና ቪውም ብቻውን ምንም አይልም።

ሪሴፕሽን ላይ ደብተር አስቀምጡ፣ እያንዳንዱ ደዋይና እንግዳ "ስለኛ ከየት ሰሙ?" ተብሎ ይጠየቅ፣ አንድ ቃል ይጻፍ፣ ባጃጅ፣ ዘመድ፣ ቲክቶክ፣ ጎግል፣ ሬድዮ፣ መስሪያ ቤት። ፒአሩን ከመጀመራችሁ አንድ ወር በፊት ጀምሩት፣ ያለዚያ ምኑን ከምኑ ታወዳድራላችሁ። በየወሩ መጨረሻ ቁጠሩት። በ3ኛው ወር መጨረሻ እነዛን 10 ሰዎች መልሳችሁ ደውሉላቸውና ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፣ "ዘመድዎን ይልኩልናል?"

ደብተሩ ላይ በሂሳባችሁ ያወጣችኋቸው ተጨማሪ ሌሊቶች ግማሽ እንኳ ካልሞሉ፣ "ግን" ሚለውም ካልተቀየረ፣ የኤጀንሲውን የ30 ቀን ደብዳቤ ጻፉ። ሌሊቶቹ ሳይሞሉ "ግን"ኑ ከቀነሰ 3 ወር ጨምሩለት፣ ገና እየሰራ ነው። ታህሳስ ሊገባ ከሆነ ደግሞ ጊዜ የለም፣ የንግስ ዋጋችሁን ህዳር ሳያልቅ ለጥፉ።